«ፈርሚልኝ» ለሚሉኝ የቀድሞ አለቃዬ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ከተመለስኩ በኋላ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ የሁለተኛ ዲግሪ ነርስ ተማሪዎችን እንድከታተል ተመድቤያለሁ፤ ዘንድሮ ስድስት ናቸው። ሁሉም ለዓመታት የሠሩ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ አንደኛው ሥራ ስጀምር በጤና ጣቢያ ኃላፊዬ የነበሩና እስከ ዛሬም «ጋሼ» የምላቸው ሰው ናቸው። እጃቸው የሠለጠነ ነው፤ ነገር ግን በሽተኛውን መርምረው ሳይጨርሱ ይደመድማሉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ይህን ሥራ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም ወይ?» ይሉኛል። በየሳምንቱ መጨረሻም ሎግቡካቸውን፣ ማለትም የሠሩት ሥራ ተመዝግቦ ተቆጣጣሪ የሚፈርምበትን ደብተር፣ አምጥተው ያላየሁትን ሥራ ጭምር እንድፈርም ይጠይቁኛል፤ የተወሰነውን አፍሬ ፈርሜያለሁ። ሌላዋ ተማሪ ደግሞ በዕውቀቷ የማትታማ ስትሆን፣ ውሳኔሽ ምንድን ነው ስላት «እርስዎ እንዳሉ» ከማለት አታልፍም። የራሴ በሽተኞችም አሉብኝ። ሰሞኑን የጋሼ ዘመድ የሆኑ አንድ አባት ቤቴ ድረስ መጥተው «ውለታቸውን እንዳትረሺ» ብለውኛል። ምን ላድርግ?

ሲስተር ነኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ከፊርማው ልጀምር፤ ካነሷቸው ጉዳዮች ሁሉ ለነገ የማይባለው እሱ ነውና። በዓይንዎ ያላዩትን ሥራ ከእንግዲህ አይፈርሙ። በሎግቡኩ ላይ የሚያኖሩት ስም «ይህ ባለሙያ ይህን ሥራ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ነገ ለብቻው ቢሠራውም በሽተኛው አይጎዳም» የሚል ምስክርነት ነው። ምስክርነቱም ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ ጋሼ ተመርቀው በሚመደቡበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ በሌሊት በቃሬዛ ተይዞ የሚመጣውና በተረኝነት ከእሳቸው በላይ የሠለጠነ ሰው የማያገኘው በሽተኛም ሳያውቀው የሚተማመነው በእሱ ነው።

እያፈሩ የፈረሙትም ቢሆን ተደብቆ መቅረት የለበትም። ያላዩዋቸው ሥራዎች የትኞቹ እንደሆኑ ከነቀናቸው ለይተው ያውጡ፤ በመጀመሪያ ለጋሼ ለራሳቸው ይንገሯቸው፤ ከዚያም ለትምህርት ክፍሉ የልምምድ አስተባባሪ በአጭር ደብዳቤ አሳውቀው፣ ሥራዎቹ እርስዎ ባሉበት እንደገና እንዲሠሩና በአዲስ ቀን እንዲፈረሙ ይጠይቁ። ማንም አይወቅስዎትም ለማለት አልደፍርም፤ ወቀሳ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ልምምዱ ሳያልቅ በራስዎ አንደበት የተነገረ ስህተት የሚያስከትለው ወቀሳ፣ በአንድ በሽተኛ ላይ ጉዳት ደርሶ ሎግቡኩ ሲመረመር ከሚነሣው ጥያቄ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ሁለቱ ተማሪዎች በውጭ ሲታዩ ተቃራኒ ቢመስሉም የጎደላቸው ነገር አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ነርስ ሆኖ ለዓመታት የሠራ ሰው የታዘዘውን በጥንቃቄ መፈጸም ሙያው ሆኗል፤ በጤና ጣቢያ ሳለ በራሱ ይወስን የነበረ እንኳ ቢሆን፣ ለውሳኔው ምክንያቱን ዘርዝሮ እንዲያስረዳ የጠየቀው ሰው ብዙውን ጊዜ አልነበረም። የሁለተኛ ዲግሪው ልምምድ የሚፈልግባቸው ግን ይህንኑ ነው፤ ከበሽተኛው ቃልና ገላ ተነሥተው ወደ ውሳኔ የደረሱበትን መንገድ ለሌላ ሰው እንዲታይ አድርገው መናገር መቻልን። ጋሼ መንገዱን ዘለው መጨረሻው ላይ ይገኛሉ፤ ተማሪዋ ደግሞ መንገዱን ሄዳ መጨረሻው ሲቃረብ ትቆማለች። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ ለሁለቱም አንድ ነው፦ መንገዱን ማስነገር።

ይህ ዓይነቱ ሥልጠና ለዓለምም ሆነ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ «ነርስ ፕራክቲሽነር» የሚባለው ሙያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋሙት ሥልጠና ሲሆን፣ ዓላማውም ልምድ ያላቸው ነርሶች ሕፃናትን መርምረው መወሰን እንዲችሉ ማድረግ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ እዚሁ ጣና ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሙኒቲ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ተማሪዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ አውጥቶ በሥራ ላይ የማስተማሩ ልማድም ከዚያ የመጣ ነው። የሐኪም ቁጥር ለሕዝቡ በማይበቃበት አገር ውሳኔ የሚሰጥ ነርስና ጤና መኮንን ማፍራት ግድ ነበር፤ ዛሬም ግድ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት መስፈርት አንድ ተማሪ ቢያንስ 750 ሰዓት በቀጥታ በሽተኛ እያየ እንዲለማመድ ይጠይቃል። ሰዓት መቁጠሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪው ያላየው ሰዓት ለተማሪው ተጨማሪ ልምድ እንጂ ትምህርት አይሆንለትም፤ ልምድ ደግሞ ጋሼ ቀድሞም ሞልቷቸዋል።

ጋሼን በተመለከተ፣ አክብሮትዎን እንዲቀንሱ አልመክርዎትም። «ጋሼ» ማለትዎንም፣ አንቱታውንም ይቀጥሉበት። የሚያስፈልገው አክብሮቱ የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ ይህም በሽተኛ ፊት ሳይሆን በሩ ተዘግቶ፣ ሻይ ቡና እየተባለ የሚደረግ ንግግር ይሁን። ከዚህ በፊት ያስተማሩዎትን አንሥተው ያመስግኗቸው፤ ምስጋናው እውነተኛ ስለሆነ ለማግባቢያ ብቻ እንዳይመስል በዝርዝር ይናገሩት። ቀጥለው ደግሞ በዚህ ክፍል ውስጥ በሽተኛውን በተመለከተ ኃላፊነቱ የእርስዎ እንደሆነ፣ ለእያንዳንዱ ውሳኔያቸው ምክንያት እንደሚጠይቋቸው፣ ጥያቄውም ንቀት ሳይሆን ሥራዎ መሆኑን በግልጽ ይንገሯቸው። ብዙ ታላላቆቻችን የሚቆጡት በመጠየቃቸው ሳይሆን ባልጠበቁት ሰዓት በሰው ፊት በመጠየቃቸው ነው፤ አስቀድሞ የተነገረ ነገር ግማሹን ቁጣ ያበርዳል።

በዚያው ንግግር ላይ አንድ የማቆሚያ ቃል ይስማሙ። ለምሳሌ «ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩኝ» ሲሉ፣ ያለ ክርክር እጃቸውን ከበሽተኛው ላይ እንዲያነሡ። ልብን ሊያቆም የሚችል፣ ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በደም ሥር ሊሰጥ የተዘጋጀ መርፌ ቢያዩ፣ ወይም የበሽተኛው ስም ከካርዱ ጋር ሳይመሳከር መድኃኒት ሊሰጥ ቢሆን፣ ስለ ዕድሜና ስለ ይሉኝታ የሚታሰብበት ጊዜ የለም። ሌላው እርማት ሁሉ ግን ከአልጋው ርቀው፣ በነርሶች ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ቀን ሊነገር ይችላል።

በሽተኛው አጠገብ የሚደረገው ውይይት እንዴት ይመራ ለሚለው፣ አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ሕክምና አስተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቁት ባለ አምስት እርምጃ ዘዴ ጊዜ ለሌለው ተቆጣጣሪ የተመቸ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ውሳኔውን ይናገራል፤ ተቆጣጣሪው ምክንያቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ ከዚህ በሽተኛ አልፎ ለሌላውም የሚሆን አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ በትክክል የተሠራውን ለይቶ ይነግረዋል፤ የተሳሳተውን ያርማል። ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

በጋሼ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ላሳይዎት። ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ወጣት ትኩሳት ይዞት ገብቷል እንበል። ወቅቱ ኅዳር ነው። ጋሼ ገና ግንባሩን ነክተው «ወባ ነው» ይላሉ። በፎገራና በደንቢያ ዝናብ ካባራ በኋላ ትኩሳት ሲመጣ ወባን ማሰብ ትክክል ስለሆነ፣ ይህ ግምት ከብዙ ዓመት ሥራ የተገኘ ዕውቀት መሆኑን አይካዱባቸው። «ወባ ያሰኘዎት ምንድን ነው ጋሼ? ወባ ባይሆንስ ሁለተኛው ሐሳብዎ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። በዚህች ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ይቆዩ፤ መልስ እስኪሰጧት አይለፉ። ትኩሳቱ ስንት ቀን ሆነው? የወባ መድኃኒት ከዚህ በፊት ወስዷል ወይ? የደም ምርመራው ምን አለ? ጣፊያው ተዳሷል ወይ? ወጣቱ ለወባ ሁለት ጊዜ መታከሙ፣ የደም ምርመራው ከወባ ነጻ መሆኑ፣ መክሳቱና ጣፊያው ማበጡ አንድ በአንድ ሲወጣ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር መጠርጠር እንዳለበት ጋሼ በራሳቸው አፍ ይናገሩታል።

የሚያስተምሩት ቁም ነገርም ከዚሁ አካባቢ ታሪክ የተገኘ ይሁን። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር ወረርሽኝ ሆኖ ሲነሣ፣ በሽታው በዚያ ደጋማ አገር የሚጠበቅ ስላልነበረ፣ መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ያን ጊዜ የተሳሳቱት ሰነፎች ወይም ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ልምዳቸው የነገራቸውን የተከተሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ከጣፊያ ማበጥና ከመክሳት ጋር ተገናኝቶ የወባ ምርመራው ነጻ ሲሆን ካላዛርን ሳይፈትሹ ማለፍ እንደማይገባ የሚናገረው ደንብ፣ በዚህ ታሪክ ሲነገር ጋሼን የሚያስቀይም አይሆንም። ልምድን ሳያቃልል ልምድ የት ላይ እንደሚያታልል ያሳያቸዋልና።

ዝምተኛዋን ተማሪ በተመለከተ፣ «እርስዎ እንዳሉ» ማለቷን ስንፍና ወይም ፍርሃት ብቻ አድርገው አይቁጠሩት። ታላቅ ሲናገር ማዳመጥ በቤታችን የተማርነው ጨዋነት ሲሆን፣ ለነርስ ደግሞ የሐኪም ራውንድ ያንኑ ትምህርት ደግሞ ያጸናዋል። እርስዎ በቅድሚያ ሐሳብዎን ከተናገሩ እሷ የምትጨምረው ነገር አይኖርም፤ ስለዚህ እርስዎ ኋላ ይናገሩ። ከሁሉ የሚሻለው በሽተኛዋን ካየች በኋላ ወደ እርስዎ ከመምጣቷ በፊት ግምቷን፣ ሁለተኛ ግምቷንና ልታደርግ ያሰበችውን በወረቀት ላይ እንድትጽፍ ማድረግ ነው፤ የተጻፈ ነገር «እርስዎ እንዳሉ» ተብሎ አይሰረዝም። ብትሳሳትም ምክንያቷ ደህና ከሆነ ምክንያቷን ያመስግኑ፤ ልክ ብትሆንም ምክንያቷ ደካማ ከሆነ ልክ መሆኗን ብቻ ተቀብለው እንዳያልፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእርስዎ የተለየ ሐሳብ ያቀረበች ቀን እንዴት እንደሚቀበሏት በጣም ያስቡበት፤ ያን ቀን ፊትዎ ከጠቆረ እስከ ምረቃዋ ድረስ አትናገርም።

ለሁለቱም፣ እንዲያውም ለስድስቱም፣ ከአልጋው ራስ የማይለይ አንድ ልማድ ቢያስይዙ ደስ ይለኛል፤ የሚነግሩዎትን ግኝት ራስዎ ደግመው ማየት። በየካርዱ ላይ የትንፋሽ ቁጥር 20 ተብሎ ሲጻፍ በየክፍሉ የምናየው ነገር ነው። ሰዓትዎን ይዘው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ተማሪውም አብሮ ይቁጠር፤ ቁጥሩ 32 ሆኖ ሲገኝ ንግግር አያስፈልግም። የሳንባ ምች የያዘው ወይም ደሙ የተመረዘ ሰው መባባሱን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚናገረው ትንፋሹ ነውና፣ ያልተቆጠረ ቁጥር መጻፍ በውሸት ከመመስከር የሚለይ አይመስለኝም። ታሪክ አወሳሰድ ላይም እንዲሁ ነው። በሽተኛው ጸበል ገብቶ እንደሆነና በዚያ ምክንያት ያቋረጠው መድኃኒት እንዳለ ተማሪው ሳይገሥጽ፣ ሳያሽሟጥጥ መጠየቅ ይችል እንደሆነ ይመልከቱ፤ ድምፁ የሚወቅስ ከሆነ በሽተኛው እውነቱን አይነግረውም፤ ስኳሩም፣ የደም ግፊቱም፣ የሚጥል በሽታውም ለምን እንደተነሣበት ሳይታወቅ ይቀራል።

የራስዎ በሽተኞች እንዳሉብዎ አልረሳሁም። ስድስቱን ተማሪ በሁሉም አልጋ ላይ ማስተማር አይቻልም፤ ቢቻልም በሽተኛውን ከብበው የሚቆሙ ስድስት ነጭ ጋውኖች ማንንም አያሽሉም። ለእያንዳንዱ ተማሪ በቀን አንድ በሽተኛ ብቻ ይምረጡለት፤ እሱን ከጅምሩ እስከ ውሳኔው ድረስ እርስዎ እያዩት ይመርምር። ሌላውን ሥራ እንደ ማንኛውም ባልደረባ ያግዝዎት፤ የተማረውን ደግሞ በርክክብ ሰዓት ለሌሎቹ ይናገር። በሽተኛውን ከማታ ርክክብ ላይ ቢመርጡ ጠዋት ራውንድ ሳይጀመር ይደርሳሉ። ተማሪ እንደሚመረምረው ለበሽተኛው አስቀድመው ይንገሩት፤ ካልፈቀደ ሌላ ይፈልጉ፤ ሕክምናው እንደማይጓደልበትም ያረጋግጡለት። ከአዊ የመጣ፣ አማርኛ የማይቀናው በሽተኛ ከሆነ አገውኛ የሚችል ተማሪ ካለ ለእሱ ይስጡት፤ ከሌለ ግን አስታማሚውን እንደ አስተርጓሚ ይዞ መጠየቅም ራሱን የቻለ ችሎታ ስለሆነ ሲሠሩት ይመልከቱ።

ሎግቡኩን ለመፈረም ቅዳሜን አይጠብቁ። ሥራው በታየበት ቀን፣ አልጋው አጠገብ ሳሉ ይፈረም፤ ያልመጣ ሎግቡክ በሌላ ቀን አይፈረምለትም። ተማሪው ሥራውን ተመልክቶ ብቻ ነው፣ አግዞ ነው፣ እርስዎ አጠገቡ ቆመው ሠርቶታል፣ ወይስ ቢጠራዎት በሚሰሙት ርቀት ሆነው ለብቻው ሠርቶታል የሚለውን ለይተው ይጻፉ። ይህ ልዩነት ከሌለ አንድ ጊዜ ያየና ብዙ ጊዜ የሠራ እኩል ሆነው ይመረቃሉ።

ወደ ቤትዎ የመጡትን አባት በተመለከተ፣ በክብር ተቀብለው በክብር ሸኝተዋቸው እንደሆነ አልጠራጠርም። ተመልሰው ቢመጡ እንዲህ ይበሏቸው፦ «አባቴ፣ ጋሼ ያደረጉልኝን አልረሳሁም፤ አልረሳምም። ስለ ትምህርታቸው ግን ከእሳቸውና ከትምህርት ክፍላቸው በቀር ከማንም ጋር አልነጋገርም።» ከዚህ በላይ አይጨምሩ። ደካማ ናቸው ወይም ጎበዝ ናቸው ብለው ከተናገሩ የአንድን ሰው ውጤት በአማላጅ እጅ አስገቡ ማለት ነው፤ ነገሩም ነገ በከተማው ይዞራል። ለጋሼም ሰው መላካቸውን እንደሰሙ ሳይቆጡ ይንገሯቸው። ውለታቸውን የሚመልሱበት መንገድ አለዎት፤ ከሌላው ተማሪ ይልቅ ቀድመው እውነቱን ሊነግሯቸው፣ ለማሻሻልም በቂ ጊዜ ሊሰጧቸው ይችላሉ።

ስለዚህ የልምምዱ አጋማሽ ሳያልፍ ጉድለታቸውን በጽሑፍ ይስጧቸው። «ቸኩለው ይደመድማሉ» የሚል ጥቅል ወቀሳ አይጠቅማቸውም፤ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው በሽተኛ ላይ ምን ሳይመረመር እንደቀረ፣ ከአሁን በኋላም ምን ሲያደርጉ ማየት እንደሚፈልጉ ይጻፉ። ቅጂውን ለአስተባባሪው ይላኩ። ብዙ ተቆጣጣሪዎች እስከ መጨረሻው ሳምንት ታግሠው፣ ያን ጊዜ ለመጣል ስለሚያፍሩ ያሳልፋሉ፤ ተማሪው ያልሰማውን ጉድለት ሊያርም አይችልምና በእሱም ላይ ግፍ ነው። ጋሼ ከተሻሻሉ ደስታው የሁላችሁ ነው። ካልተሻሻሉ ግን ይህ የልምምድ ምድብ እንዲደገም ይጻፉ። አንድን ምድብ መድገም ከሙያ መባረር አይደለም፤ በዚያ የዕድሜና የሥራ ደረጃ ላለ ሰው መራራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም በሽተኛው የሚከፍለው ከዚያ ይበልጣል።

በመጨረሻ ለክፍል ኃላፊዎ በጽሑፍ ጥያቄ ያቅርቡ። ተማሪ በሚከታተሉባቸው ቀናት የበሽተኛ ድርሻዎ እንዲቀነስ፣ በአንድ ፈረቃ ከሁለት በላይ ተማሪ እንዳይመደብልዎት፣ ትምህርት ክፍሉም የራሱን መምህር በተወሰኑ ቀናት እየላከ አብሮዎት እንዲገመግም ይጠይቁ። የጋሼ ጉዳይ በእርስዎ ብቻ ተፈርዶ እንዳይታይ ይህ የመጨረሻው በተለይ ያስፈልግዎታል፤ ከዚህ በፊት አለቃዎ የነበሩ መሆናቸውንም በደብዳቤው ላይ ይግለጹ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ስድስቱን ሁለት ሁለት አድርገው ከፍለው በተለያየ ፈረቃ ያስገቧቸው፤ ዝምተኛዋን ተማሪና ጋሼን ግን አያጣምሯቸው፤ እሳቸው ባሉበት እሷ አትናገርምና።